የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ማስተርስ፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ትምህርቶች

በጋዜጠኝነትና በኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚቸገረው በስሞች መመሳሰል ነው። «ጋዜጠኝነት»፣ «ሚዲያና ኮሙኒኬሽን»፣ «የብዙኃን መገናኛ ጥናት»፣ «ስትራቴጂያዊ ኮሙኒኬሽን»፣ «ዓለም አቀፍ ሚዲያ» የሚሉ ስያሜዎች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ከስያሜው በስተጀርባ ያለው ትምህርት ግን አንዱ ዘጋቢ የሚያወጣ፣ ሌላው ተመራማሪ የሚያወጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለድርጅት የሚናገር ባለሙያ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፕሮግራሞች በይዘት ጨርሶ የማይገናኙበት፣ በተለያየ ስም የሚጠሩት ደግሞ አንድ ዓይነት ኮርስ የሚሰጡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በመሆኑም ይህ ማብራሪያ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆይቶ፣ አንድ ፕሮግራም በእርግጥ ምን እንደሚያስተምር ከመመዝገብ በፊት፣ ከውጭ ሆኖ እንዴት መለየት እንደሚቻል ያሳያል።

ግራ መጋባቱ ታሪካዊ ሥር አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጋዜጠኝነት ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው እየተሠራ የሚለመድ ሙያ ሆኖ ነበር። በ1908 ዋልተር ዊልያምስ የተባለ የጋዜጣ አርታኢ በአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ተማሪዎቹ ትምህርት በተጀመረበት ዕለት ለአንባቢ የሚደርስ እውነተኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። በ1912 ደግሞ የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር በለገሰው ገንዘብ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በኒው ዮርክ ተከፈተ፤ ይኸው ትምህርት ቤት በ1935 የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማሩን ትቶ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ብቻ የሚቀበል ሆነ። በዚህ መስመር የመጡ ፕሮግራሞች ዋና ጥያቄያቸው «ዜና እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይጣራል፣ እንዴትስ ይነገራል?» የሚል ነው።

ኮሙኒኬሽን ወይም ተግባቦት በሚል ስም የሚታወቀው ትምህርት የመጣው በሌላ በር ነው። ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ካርል ቡሸር በ1916 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጣ ጥናት ተቋም ሲያቋቁም ጋዜጣን እንደ ማኅበራዊ ክስተት የማጥናት ፍላጎት ነበረው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ፕሮፓጋንዳና ሬዲዮ የሕዝብን አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚለውጡ ማወቅ የመንግሥታትም የምሁራንም ጉዳይ ሆነ፤ የሶሲዮሎጂ፣ የሥነ ልቦናና የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎችም ወደ መስኩ ጎረፉ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት በኦሃዮ ግዛት በአንድ ወረዳ መራጮችን ደጋግመው እየጠየቁ ባካሄዱት ጥናት፣ ሬዲዮና ጋዜጣ በመራጩ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ እንደሚታሰበው ቀጥተኛ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ዜና አዘውትረው በሚከታተሉና በአካባቢያቸው በሚደመጡ ሰዎች በኩል የሚያልፍ መሆኑን አመለከቱ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሃሮልድ ላስዌል በ1948 ማን፣ ምን፣ በየትኛው መንገድ፣ ለማን፣ ምን ውጤት እንዲያመጣ ተናገረ የሚለውን ዝነኛ ቀመሩን አቀረበ። ዊልበር ሽራም ደግሞ በ1947 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ምርምር ተቋም አቋቁሞ መስኩ ራሱን የቻለ የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲሆን መንገድ ጠረገ። የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ዜና እንዴት ይሠራል የሚል ሳይሆን መልእክት በሰዎች ላይ ምን ያደርጋል የሚል ነበር።

ሦስተኛው ዘር የሕዝብ ግንኙነት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ኤድዋርድ በርኔስ በ1923 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ኮርስ አስተማረ፤ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ1947 በዚሁ ሙያ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ ስትራቴጂያዊ ኮሙኒኬሽን፣ የጤና ኮሙኒኬሽን፣ የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን የሚባሉት ከዚህ ዘርና ከማኅበራዊ ሳይንሱ ተዳቅለው የወጡ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሦስት ዘሮች ለአስተዳደር ሲመቻቸው በአንድ ፋኩልቲ ሥር አሰባሰቧቸው። በአንድ ኮሪደር ላይ በግራ በኩል የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ መርማሪ ዘጋቢ፣ በቀኝ በኩል በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የመጠይቅ መልስ የሚተነትን ተመራማሪ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ለአንድ ኩባንያ የዘመቻ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ይቀመጣሉ፤ ሦስቱም በራቸው ላይ የሚነበበው የትምህርት ክፍል ስም አንድ ነው። አመልካቹ ከየትኛው ጋር እንደሚቀመጥ ከስሙ ሊያውቅ አይችልም።

ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ

የአንድን ፕሮግራም እውነተኛ ማንነት ለማወቅ ካሉት መንገዶች ሁሉ አስተማማኙ፣ በእኔ አስተያየት፣ ተማሪው ለመመረቅ በመጨረሻ የሚያስረክበውን ሥራ መመልከት ነው። የማስተዋወቂያ ገጾች ስለ ፕሮግራሙ መንፈስ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ዕይታውና ስለ ተመራቂዎቹ ብሩህ ተስፋ ብዙ ይላሉ፤ የመመረቂያ ሥራ መመሪያው ግን ሊያሳምር የማይሞክር፣ ደረቅና ግልጽ ሰነድ ነው። መመሪያው ተማሪው አንድ ረጅም የምርመራ ዘገባ፣ ዶክመንተሪ ወይም ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ከሆነ ፕሮግራሙ የሙያ ፕሮግራም ነው። የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት፣ የምርምር ዘዴና ግኝት ያለው ጥናታዊ ጽሑፍ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ስሙ «ጋዜጠኝነት» ቢሆንም እንኳ ትምህርቱ ምርምር ነው፤ ተማሪው ስለ ጋዜጠኞች ያጠናል እንጂ ጋዜጠኝነት አይሠራም። ለአንድ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ዕቅድ ነድፎ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ነው።

አንዳንድ ፕሮግራሞች «ጥናታዊ ጽሑፍ ወይም ፕሮጀክት» ብለው ምርጫ ይሰጣሉ። ምርጫው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ካለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ተመራቂዎች ስንቶቹ የትኛውን እንደመረጡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ፕሮጀክትን የሚያማክር መምህር በሌለበት ክፍል ፕሮጀክት መምረጥ የሚቻለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቻቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍታቸው የኢንተርኔት ማከማቻ ስለሚያስቀምጡ፣ አመልካቹ አምስት ስድስቱን ከፍቶ ርእሳቸውን፣ ያማከረውን መምህር ስምና የተጠቀሙበትን ዘዴ ቢመለከት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘው መረጃ ከአሥር የማስተዋወቂያ ገጽ ይበልጣል።

ከመጨረሻው ሥራ ቀጥሎ የሚታየው የኮርስ ዝርዝር ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዓይን የሚስቡት የምርጫ ኮርሶች ናቸው። የጦርነት ዘገባ፣ የመረጃ ጋዜጠኝነት፣ የአየር ንብረት ኮሙኒኬሽን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ዜና የሚሉ ሠላሳና አርባ ርእሶች በዝርዝሩ ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን የምርጫ ኮርሶች በየዓመቱ አይሰጡም፤ አንዳንዶቹ አስተማሪያቸው ከለቀቀ በኋላም ከዝርዝሩ ሳይሰረዙ ይቆያሉ፤ የአንድ ዓመት ተማሪም ቢበዛ ሦስት ወይም አራቱን ለመውሰድ ነው ጊዜ የሚያገኘው። የፕሮግራሙ አጥንት ያለው በግዴታ ኮርሶች ላይ ነው። ከግዴታ ኮርሶች መካከል ሁለት የምርምር ዘዴ ኮርሶች (አንዱ በቁጥር ላይ የሚመሠረት መጠናዊ፣ ሌላው በቃለ መጠይቅና በይዘት ትንተና ላይ የሚመሠረት ዓይነታዊ) ካሉ፣ የክፍሉ ልብ ወደ ምርምር ያደላል። የሚዲያ ሕግ፣ የዜና ማጣራት፣ የመዘገብ ልምምድና የአርትዖት ኮርሶች ግዴታ ከሆኑ ደግሞ ወደ ሙያው ያደላል።

ክሬዲት የሚባለውም ነገር ከአገር አገር ስለሚለያይ በቁጥሩ መደናገጥ ወይም መደሰት አይገባም። የ1999ኙን የቦሎኛ ስምምነት ተከትሎ አብዛኛው አውሮፓ በሚጠቀምበት ሥርዓት የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል። በብሪታንያ የአንድ ዓመት ማስተርስ 180 ክሬዲት ይባላል፤ ይህም በአውሮፓው ስሌት 90 ነው። በአሜሪካ ደግሞ በተለምዶ ከ30 እስከ 36 የክሬዲት ሰዓት ይጠየቃል። የብሪታንያውም የአሜሪካውም ቁጥር ማስተርስን ያመለክታል፤ 180 የሚለው ከ30 ስድስት እጥፍ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

ጊዜው ሲያጥርና ሲረዝም

የትምህርቱ ርዝመት ከክፍያና ከድካም ያለፈ ትርጉም አለው። የኮሎምቢያው የጋዜጠኝነት የሙያ ማስተርስ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ አሥር ወር ገደማ ይፈጃል፤ የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ይጠይቃል፤ በ2006 የተከፈተው የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደግሞ 16 ወር የሚፈጅ ሆኖ በመካከሉ ያለው በጋ በዜና ተቋም ውስጥ ለሚደረግ የሥራ ልምምድ እንዲውል አድርጎ ነበር የቀረጸው። አጭሩ ፕሮግራም ሥራውን ትቶ ለሚማር ሰው ይመቻል፤ ከደመወዝ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ጉዳቱ ደግሞ ተማሪው አዲሱን ከተማ ሳይለምድ፣ መምህሮቹም በቅጡ ሳያውቁት ሥራ ወደ መፈለግ መግባቱ ነው። በአሥር ወር ውስጥ ተሳስቶ፣ የተሳሳተውን አርሞ፣ እንደገና ለመሞከር የሚተርፍ ጊዜ የለም። ሙያው የሚያስተምረው ደግሞ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ከአንድ አገር በላይ የሚያዳርሱ ፕሮግራሞችም አሉ። በዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሰጠውና በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው የኢራስመስ ሙንዱስ የጋዜጠኝነት ማስተርስ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት በዴንማርክ አሳልፈው ለሁለተኛው ዓመት የትኩረት መስካቸው ወዳለበት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤትና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት የዓለም አቀፍ ሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ደግሞ በሁለት ዓመት ሁለት ዲግሪ ያስገኛል። እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ዓይን ይከፍታሉ፤ ሆኖም በየዓመቱ ቤት መቀየር፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ማውጣትና የአንዱን አገር የዜና ምንጮች ገና ሲያውቁ ወደ ሌላው መሻገር ዋጋ እንዳለው አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ምንጭ በማፍራት ለሚኖር ዘጋቢ አንድ ከተማ ላይ ሁለት ዓመት መቆየት ሁለት ከተማ ላይ አንድ አንድ ዓመት ከመቆየት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ለማን ያስፈልጋል?

በብዙ አገሮች ጋዜጠኛ ለመሆን ሕግ የሚጠይቀው ዲግሪ የለም። ሐኪም ያለ ዲግሪ አይሠራም፤ ዘጋቢ ግን ሠርቶም ተከብሮም ይኖራል። ስለዚህ ማስተርሱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ከየትኛው ፕሮግራም ምርጫ ይቀድማል፤ ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ያገላብጠዋል።

በመጀመሪያ ዲግሪው ሕግ፣ ሥነ ሕይወት ወይም ምጣኔ ሀብት የተማረና አሁን ወደ ዘጋቢነት መሻገር የሚፈልግ ሰው ከሙያ ማስተርስ ብዙ ያተርፋል፤ ይዞት የመጣው ዕውቀት ላይ የመዘገብ ጥበብ ይጨመርለታል። በብሪታንያ በ1970 ቶም ሆፕኪንሰን የተባለ የታወቀ አርታኢ በካርዲፍ ያስጀመረው የድኅረ ምረቃ የጋዜጠኝነት ሥልጠና የተዘጋጀው ሌላ ትምህርት ተምረው ለመጡ ሰዎች ነበር፤ ይህ ባህል ዛሬም በብዙ ቦታ ይታያል። ችግሩ የሚመጣው በመጀመሪያ ዲግሪው ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተማረውን የዜና አጻጻፍና የካሜራ አያያዝ፣ በውድ ክፍያና በሌላ ቋንቋ፣ እንደገና ይማራል። የፕሮግራሙ የመግቢያ መስፈርት «ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሀ ሁ እንደሚጀምር መገመት አያስቸግርም።

ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። ኮሎምቢያ ሁለት ዓይነት የጋዜጠኝነት ማስተርስ አለው፤ አንደኛው ኤም.ኤስ. የሚባለውና ሙያውን የሚያስተምረው ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤም.ኤ. የሚባለው ልምድ ያላቸው ጋዜጠኞች እንደ ፖለቲካ፣ ሳይንስ፣ ቢዝነስ ወይም ኪነ ጥበብ ባለ አንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ዕውቀታቸውን የሚያጠልቁበት ነው። የሁለቱ ፊደላት ልዩነት በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ ጥያቄው ግን በየትም ቦታ ይሠራል፦ ይህ ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ሰው መጻፍን ያስተምራል ወይስ መጻፍ ለሚችል ሰው የሚጽፍበትን ጉዳይ ያስተምራል? ለአምስት ዓመት የሠራ ዘጋቢ አንዳንድ ጊዜ ከጋዜጠኝነት ማስተርስ ይልቅ በሕዝብ ጤና፣ በሕግ ወይም በስታቲስቲክስ ማስተርስ ቢማር ለሙያው የበለጠ እንደሚጠቅመው ለመናገር አልፈራም፤ የጋዜጠኝነት መምህራን ግን ይህን ሲሉ ብዙም አይሰሙም።

ማስተማር ወይም ዶክትሬት መቀጠል የሚፈልግ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው። እሱ የሚያስፈልገው የምርምር ማስተርስ ነው፤ ድንቅ ዶክመንተሪ ሠርቶ የተመረቀ ሰው ለዶክትሬት ሲያመለክት ጥናታዊ ጽሑፍ አለመጻፉ እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ አመልካች ከዩኒቨርሲቲው ዝና ይልቅ አማካሪው ይበልጣል። ሊያማክሩት የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት መምህራንን ለይቶ ባለፉት አምስት ዓመታት ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ማንበብ፣ ከዚያም በሚመጣው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ፣ ለምርምር ፈቃድ ወጥተው ይሆን እንደሆነ በትሕትና ጽፎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለት ብቻ መምህራን በሚያማክሩበት መስክ አንዱ ጡረታ ሲወጣ ተማሪው ያሰበውን ርእስ ትቶ የቀረውን መምህር ርእስ እንዲያጠና ይገደዳል።

የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ቀለል ይላል። የዚህ ሙያ ማስተርሶች በአብዛኛው ሥራ ሳያቋርጡ፣ በማታ ወይም በኢንተርኔት ለመማር ይመቻሉ፤ የዘመቻ ዕቅድ፣ የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽንና የውጤት ልኬት በርቀት ቢማሩም ብዙ አይጎድልባቸውም። የመዘገብ ትምህርት ግን በርቀት ይጎዳል። ዘጋቢን ዘጋቢ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጽሑፉ በቀይ ተሸንሽኖ ሲመለስለት አጠገቡ ከተቀመጠው አርታኢ ጋር የሚያደርገው ክርክር ነው፤ ይህ በስክሪን በኩል ሲሆን ግማሹ ይቀራል።

ማረጋገጫ፣ ዝናና መምህራን

አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ፕሮግራሙ በሙያ አካል ዕውቅና የተሰጠው ስለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ኤሲኢጄኤምሲ በሚል ምኅጻር የሚጠራው ምክር ቤት የጋዜጠኝነትና የብዙኃን መገናኛ ትምህርት ክፍሎችን ይገመግማል። በብሪታንያ ደግሞ በ1951 የተቋቋመው ኤንሲቲጄ የተባለው የጋዜጠኞች ሥልጠና ምክር ቤት ኮርሶችን ያረጋግጣል፤ ይኸው አካል ለረጅም ዓመታት ሠልጣኞች በደቂቃ 100 ቃላት በአጭር ጽሕፈት (ንግግርን በምልክት በፍጥነት በመጻፊያ ዘዴ) እንዲጽፉ ይፈትን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ማረጋገጫው ምን ያህል በተጨባጭ ክህሎት ላይ እንደሚያተኩር ይገባዋል። በብሪታንያ የአካባቢ ጋዜጣ ላይ መቀጠር ለሚፈልግ ሰው የዚህ አካል ማረጋገጫ ክብደት አለው። በሌላ በኩል በአሜሪካ ከታወቁት የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሜዲል በ2017 የኤሲኢጄኤምሲን ዕውቅና ለማደስ አልፈለገም፤ ዝናውም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ስለዚህ የሙያ አካል ማረጋገጫ መኖሩ አንድ ነገር ይናገራል፤ አለመኖሩ ግን ለብቻው ብዙ አይናገርም። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ዩኒቨርሲቲው ራሱ በአገሩ የከፍተኛ ትምህርት ባለሥልጣን የታወቀ መሆኑ ነው። ይህ ካልተሟላ ዲግሪው በሌላ አገር ሲቀርብ ተቀባይነት ሊያጣ ስለሚችል ጉዳዩ ለድርድር አይቀርብም።

የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ ለዚህ መስክ የሚሰጠው ጥቅም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሰንጠረዦቹ ከሚለኩት ነገር ትልቁ ክፍል የምርምር ኅትመትና በምሁራን ዘንድ ያለ ስም ነው፤ አንድ ክፍል በዚህ ከፍ ብሎ ሳለ ተማሪው አንድም ቀን ዜና ሳይሠራ ሊመረቅ ይችላል። በአንጻሩ በሰንጠረዡ ዝቅ ያለ ክፍል ከአገሪቱ ጣቢያዎች ጋር የቆየ ትስስር ያለው ሊሆን ይችላል።

የመምህራኑን ዝርዝር ሲመለከቱ በእርግጥ የሚያስተምሩት ሰዎች በዝርዝሩ ስማቸው ከሚታየው ሰዎች ጋር አንድ መሆናቸውን ማጣራት ያስፈልጋል። ትልልቅ ሽልማት ያገኙ ጋዜጠኞች በእንግዳ መምህርነት በዓመት አንድ ጊዜ ንግግር አድርገው ይሄዱና ፎቶግራፋቸው ከፊት ገጽ ላይ ይቀራል፤ በየሳምንቱ የተማሪውን ሥራ የሚያርመው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው መልካም መምህር ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱን ማወቅ ይሻላል።

ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችም አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዘመን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማያወራ ፕሮግራም ማግኘት እየከበደ ነው። የዩኔስኮ የ2007 የጋዜጠኝነት ትምህርት ሞዴል ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱን በሦስት ዘርፍ ያደራጃል፦ የሙያው ደንብ፣ እሴትና አሠራር አንድ፤ የጋዜጠኝነት ማኅበራዊ፣ ፖለቲካዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ሕጋዊ ገጽታ ሁለት፤ ከጋዜጠኝነት ውጭ ያለ የዓለም ዕውቀት ሦስት። የዚያን ጊዜ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ሦስቱ ዘርፎች ግን ዛሬም ጎደሎ ፕሮግራምን ለመለየት ያገለግላሉ። መሣሪያ ብቻ የሚያስተምር ፕሮግራም መሣሪያው ሲቀየር የሚተርፈው የለም። ሰነድ ማንበብ፣ ቁጥር መመርመርና ምንጭ ማጣራት የሚያስተምር ግን መሣሪያው ቢቀየርም የሚቀጥል ነገር ይሰጣል።

ገንዘብና ማመልከቻ

የነፃ ትምህርት ዕድል የሚፈልግ ሰው የፕሮግራም ምርጫው በስፖንሰሩ ሕግ እንደሚወሰን ቀድሞ ይወቅ። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቼቪኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስን የሚሸፍን ሲሆን፣ ቢያንስ የ2 ዓመት ወይም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት ኮርሶችን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ተመራቂውም ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ይገደዳል። በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካው ፉልብራይትም በቪዛው ምክንያት የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለው። እነዚህን ግዴታዎች ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በዚያው አገር የዜና ተቋም ለመቀጠር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሊያነባቸው ይገባል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ክፍያን የሚሸፍን ዕድል የሚገኘው በአብዛኛው በምርምር ፕሮግራሞች ነው፤ የሙያ ማስተርሶች ከተማሪው ኪስ ወይም ከትምህርት ቤቱ ከፊል ስኮላርሺፕ ይጠብቃሉ። በብድር ለመማር ለሚያስብ ሰው የጋዜጠኝነት መነሻ ደመወዝ በብዙ አገር ዝቅተኛ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል፤ የሕክምና ተማሪ የሚበደረውን ገንዘብ ዘጋቢ በዘጋቢ ደመወዝ ከፍሎ አይጨርሰውም።

ማመልከቻው ራሱ ቀደም ሲል የተነሣውን ልዩነት ይከተላል። የሙያ ፕሮግራም የታተሙ ወይም የተሰራጩ ሥራዎችን ማየት ይፈልጋል፤ ከአሥር መካከለኛ ዜና ሦስት ብዙ የተደከመባቸው ዘገባዎች ይሻላሉ። የምርምር ፕሮግራም በምሁራዊ አጻጻፍ የተዘጋጀ ጽሑፍና ሊመለስ የሚችል፣ ጠባብ የምርምር ጥያቄ ይፈልጋል። ብዙ አመልካች አንዱን የዓላማ መግለጫ ለሁሉም ይልካል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ጋዜጠኛ የመሆን ሕልም ነበረኝ» የሚለው መክፈቻ ለተመራማሪዎች ኮሚቴ የሚነግራቸው ነገር የለም። የቋንቋ ፈተናን በተመለከተም የጋዜጠኝነት ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ውጤት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ካሉት ሌሎች መስኮች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለሌላ መስክ የበቃ ውጤት እዚህ ላይበቃ ይችላል።

የቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ በመማር ላይ ያለ ወይም በቅርቡ የተመረቀ ተማሪ ፈልጎ ማነጋገር ይቻላል፤ አብዛኞቹ ለሚጠይቃቸው በደስታ ይመልሳሉ። «ትምህርቱ ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበጅም፤ ገንዘቡንና ዓመቱን የሰጠ ሰው መጥፎ ነው ለማለት ይከብደዋል። በዚህ ፈንታ ባለፈው ሴሚስተር በጣም የደከመበትን ሥራ ማን እንዳረመለት፣ ስንት ጊዜ እንደመለሰለትና በመጨረሻ ምን እንደተቀየረ ይጠየቅ። አንዱ ተማሪ የመምህሯን ስም ጠርቶ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ይህን ማን ነገረህ?» ብላ እንደጻፈችበት፣ ተመልሶ ሄዶም ሁለተኛ ምንጭ ፈልጎ እንዳመጣ ይተርካል። ሌላው ጥቂት ካሰበ በኋላ ኤ ማግኘቱን ይናገራል።